ፊትህ ምነው ቀላ?

ከባሕር ዳር የወጣሁት ሱብሒ ሰግጄ፣ ጎሕ ሲቀድ ነው። ብዙ ሰው ስደቱን ሲያወራ ከሌሊት ይጀምራል፤ እኔ ግን በሌሊት ብነሣ ኖሮ እናቴ ትጠረጥር ነበር። ነጋዴ በማለዳ ነው የሚወጣው፤ እኔም ነጋዴ መስዬ ነበር። ቆላ ድባ ወርጄ ሽምብራ ላምጣ ብያታለሁ። ባለቤቴ ዘሀራ እውነቱን ታውቃለች፤ ልጃችን ሐናን ገና ጡት አልጣለችም። እናቴ ግን ብታውቅ በሩ ላይ ትተኛብኝ ነበር፤ ስለዚህ ዋሸኋት።

ግቢያችን ሐይቁ ዳር ነው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ አየት አደረገችኝና፣ «እንድሪስ፣ ፊትህ ምነው ቀላ?» አለችኝ።

እውነትም ከደረቴ የተነሣ እሳት ወደ አንገቴ፣ ከአንገቴ ወደ ጆሮዬ እየወጣ ነበር። ውሸቴ ፊቴ ላይ ወጣብኝ ብዬ ደነገጥኩ።

«ብርድ ነው» አልኳት፤ ብርድ ሰው የሚያቀላ ይመስል።

«ምን ብርድ አለ፤ ምች ነው እንጂ። ትናንት ፀሐይ ላይ ተቀምጠህ ዓሣ ስትበላ አይቸሃለሁ» ብላ ከጓሮ ዳማከሴ ቆርጣ መጣች። በመዳፏ አሽታ ግንባሬን፣ አፍንጫዬን፣ የጆሮዬን ሥር ሁሉ ቀባችኝ። የተሰደድኩት እንዲህ ተቀብቼ ነው። ማክሰኝት እስክንደርስ ድረስ ሚኒባሱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ በእኔ ዳማከሴ ያስነጥስ ነበር። እኔም በመስኮቱ በኩል ዞሬ፣ ውሸት እንዲህ የሚያቃጥል ከሆነ ሁለተኛ አልዋሽም እያልኩ ነበር። እሳቱ ከውሸት የመጣ እንዳልሆነ ያወቅኩት ከስምንት ዓመት በኋላ ነው።

ስለ በረሃውና ስለ ባሕሩ አልጽፍም። የሄደበት ያውቀዋል፤ ላልሄደበት ደግሞ ከእኔ አሳምረው የሚያወሩ ወንድሞች ሞልተዋል። እኔ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ እሳት መንገዱን ሁሉ አብሮኝ ሄደ። ሱዳን ላይ ሙቀት ነው አልን። ሊቢያ ላይ ፍርሃት ነው አልን። ጀርመን ስገባ ሙቀቱም ፍርሃቱም ወደ ኋላ ቀሩ፤ እሳቱ ግን ተከትሎኝ ገባ። እዚህ እንኳ ምን ብለን እንደምንጠራው ግራ ገባን።

ለስደተኛ ወረቀት ሲሉ የሚያደርጉት ጥያቄና መልስ አለ፤ ኢንተርቪው ይሉታል። በዚያ ቀንም መጣብኝ። መርማሪው ቁና ቁና ስተነፍስ ዐይቶ በአስተርጓሚው በኩል፣

«ለምን ያልብሃል?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው።»

«አዎ፣ ይበርደኛል።»

«ይበርደዋል፤ ግን ያልበዋል» አለና ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈው። ምን ብሎ እንደጻፈው አላውቅም፤ ቁልፎቹን ሲመታቸው ግን የምሥራች የሚጽፍ አይመስልም ነበር። በመጨረሻ የተሰጠኝ ወረቀት በየጊዜው የሚታደስ ዓይነት ሆነ። ዘሀራንና ሐናንን ላምጣ ስል ቋሚ የሥራ ውል አምጣ ተባልኩ። የእኔ ነገር ይኸው ነው፤ ከዚህ ወዲህ የምነግራችሁ ሁሉ በዚያች ውል ዙሪያ የሚዞር ነው።

ያለሁት በደቡብ በኩል፣ ሐይቅ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ሐይቅ ስላችሁ ጣናን እንዳታስቡ። የእዚህ ሐይቅ አጥር አለው፤ የሚዋኙበት ሰዓት በሰሌዳ ተጽፎበታል፤ ዓሣ ለማጥመድ ፈተና ተፈትነህ ማለፍ አለብህ። ዕድሜውን በሙሉ ከደንገል ታንኳ እያሰረ ቆረሶና አምባዛ ሲያወጣ የኖረው አባቴ እዚህ ቢመጣ መጀመሪያ ትምህርት ቤት በገባ ነበር። ሱቅ ውስጥ ያለው ዓሣም አራት ማዕዘን ነው፤ ራስ የለው፣ ጭራ የለው። እናቴ ይህን ስነግራት፣ «ታዲያ በምኑ ዓሣ መሆኑን ታውቃለህ?» አለችኝ።

ዓመታት ሰሐን ሳጥብ ቆይቼ ሄር ቮልፍ፣ አቶ ቮልፍ እንደማለት፣ የሚባል የእንጨት ጀልባ የሚጠግን ሽማግሌ ዘንድ ሥራ ልጠይቅ ገባሁ።

«አባትህ ምን ይሠራ ነበር?» አለኝ።

«ጀልባ።»

«ከምን?»

«ከሣር።»

ሳቀብኝ። ስልኬን አውጥቼ የአባቴን ታንኳ ፎቶ አሳየሁት። መሳቁን ትቶ መነጽሩን አደረገ፤ ብዙ ዐየው። ለስድስት ወር ሙከራ ቀጠረኝ፤ ፕሮበጻይት ይሉታል። ስድስቱ ወር በደህና ካለፈ ቋሚ ውል ይፈርምልኛል። ለዘሀራ ስደውልላት ለሐናን ጃኬት መግዛት ጀመርኩ አልኳት፤ እውነቴን ነው፣ ሁለት ገዝቼ ነበር።

በአራተኛው ወር ጀልባ ላይ ወጥቼ ቀለም ስቀባ እሳቱ መጣ። ዓይኔ ጨለመብኝና ከመሰላሉ ወደቅኩ። ስነቃ ሄር ቮልፍ ከላዬ ጎንበስ ብሏል።

«ስንት ጠጣህ?» አለኝ።

«ሻይ ነው የጠጣሁት።»

«ከሻይ ሌላ።»

«ሙስሊም ነኝ፤ አልጠጣም።»

«ከአንተ በፊት የነበረውም ሙስሊም ነበር» አለና አፌን አሸተተ። ከቀይ ሽንኩርት ሌላ ያገኘው ነገር የለም። ክፉ ሰው አይደለም፤ ውሃ አምጥቶ አጠጣኝ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ መሰላል ላይ እንዳልወጣ ከለከለኝ። ከፍታ ላይ ቢሠራ አያሰጋውም የሚል የሐኪም ወረቀት የሙከራው ጊዜ ሳያልቅ ካላመጣሁ ውል እንደማይፈርም ነገረኝ። ቤቴ ገብቼ አልቅሻለሁ፤ ለምን እዋሻችኋለሁ። እድሜዬን ሙሉ አልኮል በአፌ ዞሮ አያውቅም፤ የሰከረ ሰው መስዬ መታየቴ ከመውደቁ በላይ አመመኝ።

ሐኪም ቤት የወሰደኝ ዳዊት ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ከእኔ ቀድሞ የመጣ፣ ጀርመንኛው ከአማርኛው የሚፈጥን። የሰፈሩ ሐኪም ገና ስንገባ፣ «እንዴት ነህ?» አለኝ።

«ደህና፣ አልሐምዱሊላህ» አልኩ።

ዳዊት ተረጎመ። ሐኪሙ ጻፈና፣ «ደህና ከሆነ ለምን መጣ?» አለው።

ዳዊት በክርኑ ጎሸመኝ፤ «ጀለስ፣ ደህና ነኝ አትበል እንጂ! አሞኛል በል።»

«ሳላመሰግን እንዴት ብዬ እጀምራለሁ?»

«እዚህ ምስጋና አይሠራም፤ ቅሬታ ነው የሚሠራው።»

አሞኛል አልኩ፤ ፊቴ ይቀላል አልኩ። ሐኪሙ ፊቴን በባትሪ ዐየና ቀይ ነገር አይታየኝም አለ። እኔ ጠይም ነኝ። በጠይም ፊት ላይ ቅላት የሚታየው ለእናት ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ውሃ ጠጣ፣ ፓራሲታሞል ዋጥ ብሎ ሸኘኝ። በሳምንቱ ተመለስኩ፤ እንዴት ነህ ሲለኝ ምላሴ እንደለመደው ደህና አለ፤ አሁንም ፓራሲታሞል። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ አላህ ረዳኝና ተራዬን ስጠብቅ እዚያው ወለሉ ላይ ተዘረርኩ። ዳዊት እስከ ዛሬ፣ «በጀርመንኛ የተናገርከው ጥሩ ንግግር እሱ ብቻ ነው» እያለ ይስቅብኛል።

ሐኪሙ ወደ ሆርሞን ሐኪም የሚመራ ወረቀት ጻፈልኝ። ተርሚን የሚሉት የቀጠሮ ነገር እዚህ ከሞት በቀር ለሁሉም ነገር ያስፈልጋል፤ አንድ ሰው ቀጠሮውን ሰርዞ ነው በሁለት ሳምንት የገባሁት። ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ናት። ሆርሞን ማለት እጢዎች በደም ውስጥ የሚልኩት መልእክት ነው፤ አንዲት ትንሽ እጢ ሳትጠየቅ መልእክቱን በብዛት ስትለቀው ፊት ይግላል፣ ልብ ይደልቃል፣ ሰው ይወድቃል አለችኝ። ይህ መሆን አለመሆኑን በደምና በሽንት ማየት አለብኝ አለች። በስምንት ዓመት ውስጥ፣ ሙቀት ነው፣ ፍርሃት ነው፣ መጠጥ ነው ያላለችኝ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ነበረች።

ከዚያ የምሞላው ቅጽ ሰጠችኝ። አንዱ ጥያቄ፣ ከቤተሰብህ እንዲህ የሚያደርገው ሰው አለ ወይ ይላል። ቤቴ ይዤው ሄድኩና ለእናቴ ደወልኩ።

«እማዬ፣ እኛ ዘር ውስጥ ፊቱ የሚቀላ፣ የሚወድቅ ሰው ነበረ?»

በሩን ስትዘጋ ሰማሁ።

«ማን ነው የጠየቀህ?» አለች።

«ሐኪሟ ናት።»

«የእኛ ዘር ንጹሕ ነው በላት። ደዌ የለበትም።»

አገራችሁ ያላችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ሴት ልጅ ስትጠየቅ ዘር ይቆጠራል፤ እነ እገሌ ቤት የሚጥል በሽታ አለ ከተባለ ሽማግሌ ያን ቤት አያንኳኳም። ስለዚህ ማንም ቤት ውስጥ በሽታ የለም። ሰው ሁሉ የሚሞተው በምች፣ በዓይን ወይም በሐይቅ ነው። እኔም የዚሁ ቤት ልጅ ነኝና ቅጹ ላይ «የለም» የሚለውን ምልክት አደረግኩበት።

ደሜን በጀርባዬ አስተኝተው፣ ግማሽ ሰዓት ካቆዩኝ በኋላ ቀዱ። ለሽንቱ ቡናማ ጀሪካን ሰጡኝ። የመጀመሪያውን የማለዳ ሽንት ደፍተህ ከዚያ በኋላ እስከ ማግስቱ ማለዳ ያለውን ሁሉ አጠራቅም፤ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጠው ተባልኩ። የማይበሉ ነገሮች ዝርዝርም ነበረው፤ ሙዝ፣ ቡና፣ ቲማቲም፣ ቸኮላት፣ ለውዝ፣ አይብ እያለ እስከ ታች ይወርዳል። ዝርዝሩን ዳዊት ሲያነብልኝ የገባኝም ነበረ፤ ያልገባኝም ነበረ። ቲማቲም ከተከለከለ ስጎውስ? አይብ ከተከለከለ እርጎውስ? ተሳስቼ አንዱን ብበላ ውሌን በላሁት ማለት ነው።

እኔ ደግሞ በዘዴ አሸነፍኩት ብዬ ጾምኩ። የማይበላው ሲበዛ ሁሉንም መተው ይቀላል፤ እኛ አገር እስላሙም ክርስቲያኑም ሐኪም ፊት የሚቀርበው ሆዱን ባዶ አድርጎ ነው። ከጎሕ እስከ ማታ እህልም ውሃም ባፌ አልዞረም። ማታም ሁለት ቴምርና አንድ ብርጭቆ ውሃ ወስጄ ተኛሁ። እንደዚያ ቀን ታዛዥ የሆንኩበት ቀን የለም።

የቸገረኝ ጀሪካኑ ነበር። የምኖረው ፍራው ሂልዳ የምትባል ባልቴት ቤት አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው፤ ማቀዝቀዣው የጋራ ነው። ነጃሳ ነገር ከእህል ጋር አላስቀምጥም፤ በምሰግድበት ክፍልም አላሳድርም። ስለዚህ በፌስታል ጠቅልዬ ከመስኮቱ ውጭ ደፉ ላይ አስቀመጥኩት፤ ውጭው ከማቀዝቀዣ ይበርዳል። ሰዓት አልፈጀም፣ ፍራው ሂልዳ አንኳኳች።

«ሄር እንድሪስ፣ መስኮት ላይ ዕቃ አይቀመጥም። ውላችን ላይ አለ።»

«ይቅርታ፤ የሕክምና ነገር ነው።»

«ምንድን ነው?»

እንዴት እንደምለው ጨነቀኝ። «የእኔ… ሽንት ነው።»

ጥቂት አሰበች። «ስለ ሽንት ውላችን ላይ አልተጻፈም» አለች፤ «ስለ መስኮት ግን ተጽፏል።»

ከዚያ ጀሪካኑን ከእጄ ተቀብላ ምድር ቤት ወረደች። ተከትያት ስወርድ የእንጆሪ ማርማላታዋን ከደረደረችበት መደርደሪያ ጫፍ ላይ ቦታ አበጀችለት። ወረቀት ቆርጣ ስሜንና ቀኑን ጽፋ ለጠፈችበት። የማርማላታው ጠርሙሶችም እንዲሁ ስምና ቀን አላቸው። ያን ቀን ስወርድና ስወጣ ዋልኩ፤ የምጨምረው ግን እምብዛም አልነበረም።

ሐኪሟ ውጤቱን ስትነግረኝ ዳዊት አብሮኝ ነበር።

«የቀረው ሽንት የት ሄደ?» አለች።

«ሌላ የለም።»

«ደፋኸው?»

«ጾሜ ነበር።»

«ማን ጹም አለህ?»

«እናንተ ናችሁ እንጂ፤ አትብላ ብላችሁ ጽፋችኋል።»

ዳዊት እንዳይስቅ ጉንጩን ነክሶ ተረጎመ። እሷ አልሳቀችም። ጾምና ጥም ራሳቸው ሆርሞኑን ከፍ ያደርጉታል፤ ሽንቱም አንሷል፤ ስለዚህ ከፍ ያለው ከበሽታው ይሁን ከጾሙ መለየት አልችልም አለች። ከዚያ ቅጹን አወጣች።

«ቤተሰብ ውስጥ የለም ብለሃል። ጥሩ። እየበላህና እየጠጣህ አንድ ጊዜ ድገመው፤ ሁለተኛው ጤነኛ ከሆነ አርብ እፈርምልሃለሁ። ቤተሰብ ውስጥ ቢኖር ኖሮ ግን ሌላ ነገር ነበር። በዘር የሚመጣ ዓይነት አለ። እሱ በደም ይታያል፤ ወራት ይፈጃል፤ እስኪታወቅ ድረስ ከፍታ ላይ ውጣ ብዬ መፈረም አልችልም። ያኔ ልጆችም መመርመር አለባቸው፤ ሳይታወቅ የሚቆይበት ሰው በድንገት ሊሞት ይችላል።»

ቅጹን ለሰኞ እንደገና አንብቤ እንድፈርምበት መለሰችልኝ። ሙከራው የሚያልቀው በሚቀጥለው ሳምንት ነበር።

አውቶቡስ ውስጥ አባቴ መጣብኝ። እኩለ ቀን ላይ ታንኳው ላይ እንዳለ ሥራውን ያቆምና በመዳፉ የሐይቁን ውሃ እየዘገነ አናቱ ላይ ያፈስ ነበር። እኔ ትንሽ ሆኜ ከኋላው ተቀምጬ፣ «ምነው አባባ?» ስለው፣ «ሞቀኝ» ይለኛል፤ ደመና ሆኖ እንኳ ሞቀኝ ይለኛል። የሞተ ቀን ሐይቁ ረጋ ብሎ ነበር። ታንኳው ከነዓሣው እንደቆመ ነው የተገኘው፤ እሱ ከጎኑ ውሃው ውስጥ። ከሰፈሩ እንደሱ የሚዋኝ አልነበረም። ሰው ሁሉ ሐይቁ ወሰደው አለ፤ እኛም ሐይቁ ወሰደው አልን። የዓሣ ወጥመድ አፉ ሰፊ ነው፤ ሲገቡበት አያስታውቅም። እኔም «የለም» ብዬ ምልክት ያደረግኩ ዕለት እንዲያ ነው የገባሁበት። እውነቱን ብናገር ውሉ ይቀራል፣ ልጄ አትመጣም፤ ብዋሽ ልጄ ትመጣለች፣ ግን ምን ይዛ እንደምትመጣ ማንም አያውቅም።

ይህን የምጽፍላችሁ «የለም» የሚለውን ሰርዤ፣ «አባቴ ነበረው» ብዬ ጽፌ ከመለስኩ በኋላ ነው። ሄር ቮልፍ አልፈረመም፤ እጄን ጨብጦ ወረቀቱ በመጣልህ ቀን ተመለስ አለኝ። ዘሀራ ስትሰማ መጀመሪያ አለቀሰች። ምክንያቱን ስነግራት ግን ስልኩን ዘጋችው፤ ልቅሶዋ ይሻለኝ ነበር። አሁን ሰሐን አጠባው ላይ ነኝ፤ የደሙን ውጤት እጠብቃለሁ። ጃኬቶቹ ሳጥን ውስጥ ናቸው፤ አንዱ እስካሁን ሳይጠባት አይቀርም። ይህን ሁሉ ያደረግኩት ቅጹን ከመመለሴ በፊት በነበረው እሑድ እናቴ ዘንድ ስለደወልኩ ነው።

«ወንዛዬ ነኝ» አለችኝ፤ ደስ ብሏታል። «ፍል ውሃው ዘንድ። አንተ መምጣት ባትችል እኔ በስምህ እየታጠብሁልህ ነው። ሦስተኛ ቀኔ ነው።»

ያቺ አሮጊት ለእኔ ብላ በዚያ በሚፋጅ ውሃ ስትለበለብ ታየኝ።

«አላህ ይስጥልኝ እማዬ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አባባ ፊቱ ይቀላ ነበር?»

«አባትህን ሐይቅ ነው የወሰደው።»

«እሱን አውቃለሁ። ፊቱ ይቀላ ነበር ወይ ነው ያልሁሽ።»

«የሞተ አይነሣም። ተወው ልጄ። እንካ፣ ሐናን ታነጋግርህ» ብላ ስልኩን ሰጠቻት።

«አባዬ!»

«ሐኑዬ፣ አንቺም ከአያትሽ ጋር ሄድሽ?»

«አዎ። እኔም ሦስተኛ ቀኔ ነው። ውሃው ያቃጥላል።»

«አንቺ ደግሞ ምን ሆንኩ ብለሽ ነው የምትታጠቢው?»

«ሰው ከጠየቀሽ ለአባቴ ነው በይ ብላኛለች» አለችኝ።

ካሜራውን ክፈቺው አልኳት። ምስሉ እየተቆራረጠ መጣ፤ ነጠላ ተከናንባ፣ ደርቃ፣ ከውሃው ራቅ ብላ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። የዛሬውን ገና አልገባችም። ከደረቷ ጀምሮ እስከ ጆሮዋ ድረስ እሳቱን ዐየሁት፤ ጠይም ናት፣ እንደኔ፤ ግን ዐየሁት።

«ሐኑ፣ ፊትሽ ምነው ቀላ?»

ወደ አያቷ ዞር ብላ ዐየች። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰችና፣

«ብርድ ነው» አለችኝ።